የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊንም ጋብዙ እንጂ!

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊ ነኝ። ቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ሲዘጋጅ እኛን "ቀላል ነገር ነው የሚጽፉት" ብለው የሚዘሉን ነገር በጣም ያናድዳል፣ አንባቢው እኮ እንደዛ አያስብም! በቀደም አንድ እናት ገጹ በወጥ ዘይት የወዛ መጽሐፌን ይዘው መጥተው "አንቺ ልጅ፣ ምን አርገውሽ ነው ያለያየሻቸው?" ብለው ሰው ፊት አፋጠጡኝ፣ ምን ልበል።

የጸሐፊን ጤና በተመለከተ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሲጽፉ መዋል ወገብ ይጨርሳልና እኔ ጠዋት ጠዋት ወክ አደርጋለሁ፣ ቡናም ቀንሻለሁ። እንግሊዛዊቷ የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊ ባርባራ ካርትላንድ ግን ሶፋ ላይ ተጋድማ እየተናገረች ሌላ ሰው እየጻፈላት ከ700 በላይ መጽሐፍ አውጥታ፣ ማርና ቫይታሚን ውሰዱ እያለች ኖራ፣ በ98 ዓመቷ ነው ያረፈችው (ማሩ ይሁን ቫይታሚኑ እንጃ)።

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት 2014 ላይ ከተከፈተ ወዲህ 4 ኪሎ አዳራሽ ጠፋ አይባልም፣ ስለዚህ እባካችሁ ለኛም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይሰጠን።