ለልጄ፦ ስለ ያኣ አሳንቴዋ

ውድ ልጄ፣

በዛሬዋ ጋና የአሻንቲን ሕዝብ መርተው እንግሊዝን ስለተዋጉት ስለ ያኣ አሳንቴዋ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አተራረክሽ ልብ ይይዛል። መጨረሻው ግን ከነከነኝ፤ «ተሸንፈው በግዞት ሞቱ» ብለሽ በአንድ መስመር ዘጋሽው።

እኛ ዓድዋን እየሰማን ያደግን ሰዎች ጀግንነትን በድል መለካት ለምደናል። በጥር 1896 እ.ኤ.አ. እቴጌ ጣይቱ የመቀሌን ምሽግ ውኃ አስይዘው ጣሊያንን ሲያስጨንቁ፣ በዚያው ወር እንግሊዞች የአሻንቲ ዋና ከተማ ኩማሲ ገብተው የአሻንቲውን ንጉሥ ፕሬምፔን ያለ ውጊያ ያዙ። ከንጉሡ ጋር እናታቸውም መኳንንቱም ተጋዙ። ከተጋዙት አንዱ ከአሻንቲ ግዛቶች አንዷ የሆነችው የኤጂሱ ገዥ፣ የያኣ አሳንቴዋ የልጅ ልጅ ነበር። አገሩን የመጠበቁ ሸክም በአያትየው ላይ ወደቀ።

መጋቢት 1900 ላይ የሆነውን ግን በችኮላ አልፈሽዋል። እንግሊዛዊው ገዥ ሆጅሰን መኳንንቱን ኩማሲ ላይ ሰብስቦ የወርቁ በርጩማ የት እንዳለ፣ እሱስ ለምን እንዳልተቀመጠበት ጠየቀ። በርጩማው የአሻንቲ ሕዝብ ነፍስ ያደረበት ነው ብለው ያምናሉ፤ ከሰማይ ወርዶ በንጉሥ ኦሴይ ቱቱ ጭን ላይ ያረፈ ነው ይላሉ። ንጉሡ እንኳን አይቀመጥበትም፤ የራሱ መቀመጫ ተሰናድቶለት በጎኑ ይጋደማል። የሆጅሰን ጥያቄ ለእኛ ሰው ታቦቱን አውጡልኝና ልቀመጥበት እንደማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መኳንንቱ ሲመክሩ የሚያመነታ አልጠፋም። ያኔ ያኣ አሳንቴዋ ተነሥተው፣ ወንዶቹ ወደኋላ ካላችሁ እኛ ሴቶቹ እንዘምታለን አሉ ተብሎ እስከ ዛሬ ይተረካል። ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው አዛውንት ነበሩ። አስቢው፤ ልጅ ልጃቸው በግዞት ያለ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡ ማንም የማይወቅሳቸው ሴት።

ጦራቸው ኩማሲ ያለውን የእንግሊዝ ምሽግ ከበበ። የቴሌግራፉን ሽቦ ቆረጡ፣ ጫካውን በሚያቋርጠው መንገድ ላይ ግንድ እየደረደሩ ከለላ ሠሩ። ምሽጉ ውስጥ ረኃብና በሽታ ገባ፤ ሆጅሰን ከነሚስቱ በሰኔ ሰብሮ ወጣ። በሐምሌ ግን ረዳት ጦር ደረሰ፤ መትረየስና መድፍ የያዘ ጠላት እያደር እየበረታ ሄደ። ያኣ አሳንቴዋ ተይዘው ወደ ሲሸልስ ተጋዙ። አገራቸው በ1902 በይፋ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሆነች፤ እሳቸውም ጥቅምት 17 ቀን 1921 እዚያው ደሴት ላይ አረፉ።

ይህን ሁሉ በትክክል ጽፈሽዋል። የዘለልሽው በርጩማውን ነው! ጦርነቱ የተነሣው በእሱ ነው፤ እንግሊዞች ደግሞ አላገኙትም። ሕዝቡ ሸሸገው። ከሃያ ዓመት በኋላ መንገድ ሠራተኞች በድንገት አግኝተው ጌጡን ሲገፉት አሻንቲዎች እንደገና በቁጣ ተነሡ፤ በዚህ ጊዜ ቅኝ ገዥዎቹ ራሳቸው በርጩማውን አንነካም ብለው ቃል ገቡ። ፕሬምፔም በ1924 ወደ ኩማሲ ተመለሱ። የያኣ አሳንቴዋም አስከሬን በኋላ ወደ አገሩ ተወስዶ በክብር ተቀበረ።

እና ልጄ፣ ያን የመጨረሻ መስመር አውጥተሽ ስለ በርጩማው አንድ አንቀጽ ጨምሪበት። ለመምህርሽ ከመስጠትሽ በፊት ላኪልኝ፤ አነበዋለሁ።

እናትሽ