ከኤችአይቪ ክኒን ጋር ምን ይዋጣል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ኤችአይቪ ሕክምና በተጻፈ ቁጥር በቀን አንድ ጊዜ የምትዋጠው ክኒን ትመሰገናለች። ይገባታል። ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉተግራቪር 50 ሚሊግራም በአንድነት የያዘች ናት፤ ኢፋቪረንዝ ካለበት ከቀድሞው ክኒን ይልቅ ቫይረሱን ቶሎ ታወርዳለች፣ ቫይረሱም በቀላሉ አይላመዳትም። የሚያሳዝነው አንድም ቀን ሳያጓድሉ እየዋጧት ጥቅሟን የሚያጡ መኖራቸው ነው።

ምክንያቱ አብሮ የሚዋጠው ነው። አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና አይረን ሆድ ውስጥ ከዶሉተግራቪር ጋር ይጣበቃሉ፤ የተጣበቀው ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። በአገራችን ጨጓራውን የማያመው ስንቱ ነው? አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበትን የሚታኘክ ወይም ነጭ ፈሳሽ የጨጓራ መድኃኒት ያለ ማዘዣ መግዛት የተለመደ ነው። ገዢው ሰው ፊት ስለ ሌላው ክኒኑ አያነሳም፣ ሻጩም አይጠይቅም። ዶሉተግራቪር ከዚህ መድኃኒት ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መዋጥ አለበት፤ ምግብ መብላት ይህን አይለውጠውም። ኦሜፕራዞል የተባለው የጨጓራ መድኃኒት ግን አያውከውም።

ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው አይረን ከምግብ ጋር ከሆነ ከክኒኗ ጋር ሊዋጥ ይችላል። በባዶ ሆድ ከሆነ ያው የሰዓት ልዩነት ይጠበቅ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም እናት ሁለቱን ማለዳ አብራ ከዋጠች ከዶሉተግራቪሩ ብዙው ባከነ ማለት ነው። አይረኑን 9 ሰዓት ላይ ከምግቡ ጋር፣ ክኒኗን ማታ 3 ሰዓት ማድረግ ይበጃል። እንቅልፍ የምትነሳው ሰው ክኒኗን ጠዋት ይዋጥ፣ አይረኑን ለምሳ ያቆየው።

ሪፋምፒሲን ባለበት የቲቢ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ክኒኗን ከዋጠ 12 ሰዓት ቆይቶ ተጨማሪ የዶሉተግራቪር 50 ሚሊግራም ክኒን ያስፈልገዋል፤ ይህ የቲቢ መድኃኒት ጉበት ዶሉተግራቪርን ቶሎ ሰባብሮ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ተጨማሪ ክኒን፣ ሪፋምፒሲን ካለቀ በኋላም ለ2 ሳምንት መቀጠሉ ነው። ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድም በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዳያልፍ ሐኪሙ ይወቅለት።

የቫይረስ መጠን በአንድ ሚሊሊትር ደም ከ1000 ቅጂ በላይ ሲመጣ ታካሚው «መድኃኒት ያቋርጣል» ተብሎ ከመወቀሱ በፊት ቤቱ ያለውን ሁሉ፣ ከፋርማሲ በራሱ የገዛውን ጭምር፣ በፌስታል ይዞ እንዲመጣ ይጠየቅ። ጋዜጣችሁም እነዚህን ሰዓቶች በጤና ዓምዱ ቢያወጣልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ፋርማሲስት