ማሽኑን ማቆም ሁልጊዜ መግደል አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ስለ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጪ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አብዛኛው እውነት ነው፤ አንዱ ዐረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ጸሐፊው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እስትንፋስ እስካለ ድረስ ምንም ያህል ቢያስወጣ ሕክምናው እንዲቀጥል ታዛለች ይላሉ። አታዝም፤ አዛም አታውቅም።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የመጨረሻዎቹን ዐሥራ አንድ የሥራ ዓመታት ያሳለፍኩት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነው። ካቶሊክም ነኝ። ለእርማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሣም ነበር፤ የተሳሳተ ትምህርት በጋዜጣ ላይ ማየት ለምደናል። ይህኛው ስሕተት ግን ቤት ያሸጣል።

አንድ አባት በጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ እኛ ዘንድ ገቡ። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሞቹ እርስ በርሳቸው ተስፋ እንደሌለ ይነጋገሩ ነበር፤ ለቤተሰቡ ግን «እየሞከርን ነው» ይባል ነበር። መኪናው ተሸጠ፤ ቀጥሎ ቤቱ ተሸጠ። አሜሪካ ያለው ወንድ ልጃቸው በየሌሊቱ እየደወለ «ምንም እንዳይነካ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» ይላል። ገንዘብ ያዡ በየማለዳው ተጨማሪ ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል፤ የመተንፈሻው ማሽን ምን እየሠራ ምን እንደማይሠራ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ትልቋ ሴት ልጅ ኮሪደር ላይ ያዘችኝና «ሲስተር፣ ይበቃል ብንል ነፍሰ ገዳይ እንሆናለን?» አለችኝ። እነሱ ኦርቶዶክሶች ነበሩ፤ ጥያቄው ግን የሁላችንም ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከቤተሰብ ጋር እንዳንነጋገር ታዘን ስለነበር «ሐኪሙን ጠይቂው» ብዬ አልፌያት ሄድኩ። አባትየው በሃያ ስድስተኛው ቀን ዐረፉ። ለቀብሩ እድር ደረሰላቸው፤ ለሆስፒታሉ ዕዳ የሚደርስ እድር የለም።

መልሱ ከእኔ በፊት ከአራት መቶ ሰባ ዓመት በላይ የነበረ መሆኑን በኋላ ሳነብ አፈርኩ። በስፔን ሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የዶሚኒካን ማኅበር መነኩሴ ፍራንሲስኮ ዴ ቪቶሪያ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ ጥያቄውን በዶሮ ነበር ያነሡት። (ዶሮ ያኔም እንደ ዛሬው የእኛ አገር ዶሮ ኪስ ይጎዳ ነበር።) ሐኪም «ዶሮና ሌላም ውድ ምግብ ብትበላ ዕድሜህ ይረዝማል» ቢለው፣ በሽተኛው ይህን የመብላት ግዴታ አለበት ወይ? የለበትም አሉ ቪቶሪያ፤ ሰው እንደ አቅሙና እንደ አገሩ የሚበላውን ቢበላ ይበቃዋል። ሕይወቱን ለማቆየት ርስቱን በሙሉ የመስጠት ግዴታም የለበትም። ሕይወትን ማጥፋት አንድ ነገር ነው፤ ለማራዘም የሚቻለውን ሁሉ አለማድረግ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ምንጊዜም ክልክል ነው። በሁለተኛው ግን ሰው ሁልጊዜ አይገደድም።

የዚያው ማኅበር መነኩሴ የሆኑት ዶሚንጎ ባኜዝ እ.ኤ.አ. በ1595 ሰው የሚገደድበትን «የተለመደ»፣ የማይገደድበትን «ከተለመደው ውጭ» በሚሉ ስሞች ለዩት። የዘመኑ መምህራን የሚያነሡት ምሳሌ እግር መቁረጥ ነበር። ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን ያን ስቃይ መሸከም ማንም አይገደድም ተባለ። ዛሬ ማደንዘዣ አለና ሚዛኑ ሌላ ነው፤ መሣሪያው ተለወጠ እንጂ መለኪያው አልተለወጠም። ካርዲናል ሁዋን ዴ ሉጎ ደግሞ በእሳት የተከበበ ሰው ምሳሌ አመጡ። በእጁ ያለው ውኃ እሳቱን የሚያጠፋለት ከሆነ ማጥፋት አለበት፤ ሞቱን ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያዘገይለት ከሆነ ግን ውኃውን የማፍሰስ ግዴታ የለበትም። ይህን ሳነብ ያ አልጋ በዓይነ ሕሊናዬ መጣብኝ። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ በባልዲ ውኃ እናፈስስ ነበር።

እነዚህ የድሮ ሊቃውንት ናቸው የሚል ካለ ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1957 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ለማደንዘዣ ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ የመተንፈሻ መሣሪያን ጉዳይ በቀጥታ አንሥተው፣ ግዴታው የተለመዱትን መንገዶች ለመጠቀም ብቻ እንደሆነ አስተማሩ። የተለመዱ የሚባሉትም እንደ ሰው፣ እንደ ቦታ፣ እንደ ዘመንና እንደ ባህል ሁኔታ፣ ለራስም ሆነ ለሌላ ሰው ከባድ ሸክም የማያመጡት ናቸው አሉ። «ለሌላ ሰው» የሚለውን ልብ ይሏል። የልጆቹ ዕዳ ከሚዛኑ ውስጥ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት መልእክት፣ ከተለመደው ውጭ የሆነ ወይም ከጥቅሙ ሸክሙ የሚበልጥ ሕክምናን መተው ራስን እንደ መግደል የማይቆጠር፣ የሰው ልጅ ሟችነቱን የመቀበሉ ምልክት እንደሆነ ጽፈዋል።

«ይህ ቃል ነው፤ ማሽኑ ሲቆም ሰውየው ይሞታል፤ ልዩነቱ የት ላይ ነው?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ፤ ሐኪም ነው። ሁልጊዜ የምነግረው የካረን አን ኩዊንላንን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የ21 ዓመቷ ወጣት ራሷን ስታ ወደቀች፤ አልነቃችም። ካቶሊክ የነበሩት አባቷ ጆሴፍ ከደብራቸው ካህን ጋር ተማክረው የመተንፈሻው ማሽን እንዲነሣ ጠየቁ። ሐኪሞቹ እምቢ አሉ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በመጋቢት 1976 የግዛቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለአባትየው ፈረደ። ማሽኑ ተነሣ። ካረን ግን አልሞተችም፤ በራሷ መተንፈስ ጀመረች። እስከ 1985 ድረስ ኖረች። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት አባትየው በቱቦ የምትወስደው ምግብ እንዲቆም አልጠየቁም፤ ሲመላለሱ ኖሩ። የፈለጉት ሞቷን ቢሆን ኖሮ፣ ያ መንገድ ሲከሽፍ ሌላ መንገድ ይፈልጉ ነበር። እሳቸው የፈለጉት ማሽኑ እንዲነሣላት ነበር፤ ተነሣላት። ወዳጄ እዚህ ላይ ሲደርስ ቡናውን ያነሣና ወሬ ይለውጣል።

ያው አባትየው ያልነኩት ምግብና ውኃ የሚተወውና የማይተወው የሚለዩበት ወሰን ነው። ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ቁስል እንዳይወጣ መጠበቅ ሸክም ተብሎ አይተውም። ሕመም ማስታገሻም እንደዚሁ። እነዚያው ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1957፣ ስቃይን ለማስታገስ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ሌላ መንገድ እስከሌለ ድረስ፣ ዕድሜን ቢያሳጥር እንኳን እንደሚፈቀድ መልሰዋል፤ የታሰበው ስቃዩን ማስታገስ እንጂ ሞትን ማምጣት አይደለምና። የ13ኛው መቶ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ሰው ራሱን ሲከላከል ስለሚሆነው ግድያ ሲጽፉ የለዩት ይህንኑ ነበር፤ የታሰበውና ሳይታሰብ የሚከተለው አንድ አይደሉም። እኛ ዘንድ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሚሞት የካንሰር ሕመምተኛ ሞርፊን «ሱስ ይሆንበታል» ተብሎ ሲከለከል በዓይኔ አይቻለሁ። ማሽኑ ላይ አጥባቂ፣ ስቃዩ ላይ ቸልተኛ! ትክክለኛው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፣ ኔዘርላንድስ ከ2002 ጀምሮ፣ ሐኪም በሕመምተኛው ጥያቄ ገዳይ መርፌ እንዲወጋው በሕግ ፈቅደዋል። ቤተ ክርስቲያን ይህን አጥብቃ ትቃወማለች፤ እኔም እቃወማለሁ። የጽሑፉ ባለቤት ሕክምናን መተውንና መግደልን ያምታቱት ከዚያ ክርክር በሚሰማው ጩኸት ይመስለኛል።

አሁን ራሴንም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ፤ ካላነሣሁት ግማሽ እውነት ይሆንብኛል። ሸክሙ እንደ ቦታው ከተለካ፣ ሮም ላይ የተለመደ የሆነው ሕክምና አዲስ አበባ ላይ ከተለመደው ውጭ ሊሆን ነው። የኩላሊት እጥበትን ውሰዱት። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚያስፈልገውን፣ ገንዘብ ስለሌለ ሁለቴ፣ ከዚያም አንዴ፣ ከዚያም የሚቀሩ ሰዎችን አውቃለሁ። አንዲት የአርባ ዓመት እናት «ልጆቼን ከማስርብ ይቅርብኝ» ብላ ብታቆም፣ በቪቶሪያ ሚዛን አልበደለችም፤ ርስቷን ሁሉ የመስጠት ግዴታ የለባትም። ግን ከእኚያ ሽማግሌ ጋር አንድ አድርጌ ላያት አልችልም። ለእሳቸው ውኃው እሳቱን አያጠፋም ነበር። ለእሷ ያጠፋል፤ ውኃው ተወዶባት ነው። እሷን ነጻ ያወጣ ትምህርት እኛን ነጻ አያወጣንም፤ ሸክሙ ለአንድ ቤት ሲከብድ ሌላው እንዲሸከም የሚያዘውም ይኸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ስለዚህ «ከተለመደው ውጭ ነው» የሚለውን ቃል የበጀት ኃላፊ አፍ ውስጥ መስማት አልፈልግም። ቃሉ የሕመምተኛውና የቤተሰቡ ነው።

ሆስፒታሎቻችን ቢያንስ አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። ቅድመ ክፍያ ከመጠየቃቸው በፊት፣ ሕክምናው ሰውየውን ወዴት እያደረሰው እንደሆነ ለቤተሰቡ በግልጽ የሚናገር ሐኪም ያስቀምጡ፤ ባሕር ማዶ ያለው ልጅም በስልክ ይስማ። ካህናቶቻችንም፣ የእኔዎቹን ጨምሮ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ከማለፍ ይህን ትምህርት አጥንተው ይምጡ። እኔ አላጠናሁም ነበርና ያችን ትልቋን ልጅ አልፌያት ሄድኩ።

እርማቱን እንድታወጡልኝ የምለምነው ስለ እሷ ነው። ጋዜጣችሁን ታነብ ይሆናል፤ ያንን ዐረፍተ ነገርም አንብባው ይሆናል። ኮሪደሩ ላይ ለጠየቅሽኝ፣ ልጄ፣ መልሱ «አትሆኑም» ነበር።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ
ከአዲስ አበባ