ልብ ሳይሞላ አይረጭም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጤና ገጻችሁ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ጨው፣ ስለ ቅባት ትጽፋላችሁ፤ ጥሩ ነው። ግን ልብ አንዴ ሲመታ ውስጡ ምን እንደሚካሄድ አትነግሩንም። ይኼ ስለማይታወቅ ብዙ ወላጅ ለሩማቲክ የልብ ሕመም በየወሩ የሚወጋውን የልጁን የፔኒሲሊን መርፌ «ድኗል» ብሎ ያስቋርጣል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም መጀመሪያ ወደ ላይኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች ይገባል። ቫልቮቹ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉት የልብ በሮች፣ ሲከፈቱ ወደ ታችኞቹ ይወርዳል፤ አብዛኛው የሚወርደው ልብ ሳይጨመቅ፣ ዘና ባለበት ጊዜ ነው። የቀረውን የላይኞቹ ገፋ ያደርጉታል። ከዚያ የታችኞቹ ይጨመቃሉ፦ የቀኙ ወደ ሳንባ፣ የግራው ወደ መላ ሰውነት ይረጫል፤ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንድ ሲኒ ቡና የሚያህል። ድው ድው የሚለውም ቫልቮቹ ሲዘጉ ነው።

ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ ሲመታ አንዱ ምት 0.8 ሰከንድ ይፈጃል፤ ግማሽ ሰከንድ ያህሉ መሙያ ነው። ሲፈጥን ከሁሉም በላይ የምታጥረው ይቺ የመሙያ ጊዜ ናት።

በባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም በወጉ ሳይታከም ቀርቶ የሩማቲክ የልብ ሕመም ሲያስከትል፣ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በግራ በኩል ከላይኛው ወደ ታችኛው የሚያሳልፈው ሚትራል ቫልቭ ነው። ጠባሳ ይይዝና እየቆየ ይጠባል። ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ኋላ ተጠራቅሞ ሳንባን ያጨናንቃል። የእህቴ ልጅ ስድስተኛ ወር እርግዝናዋ ላይ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሳታጋምስ ብረቱን ይዛ ታለከልክ ነበር፣ ማታም ትራስ ደራርባ ካልሆነ መተኛት አትችልም። ጎረቤቱ ሁሉ የእርግዝና ድካም ነው ይላት ነበር፤ ለካ ቫልቯ ጠቦ ኖሯል። በእርግዝና ደም ይጨምራል፣ ልብም ስለሚፈጥን የመሙያ ጊዜው ያጥራል፤ የጠበበ ቫልቭ ደግሞ ይኼን አይችልም።

በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን የጠበበውን አይከፍትም። ሥራው ሕመሙ እንዳያገረሽና ቫልቩ ላይ ሌላ ጉዳት እንዳይጨመር መከላከል ነው። ስለዚህ ልጁ ኳስ መጫወት ጀመረ ተብሎ አይቋረጥም፤ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እንጥል ማስቆረጥም ለዚህ አንዳች አይፈይድም።

እባካችሁ ይኼን ሙሉ ገጽ ሰጥታችሁ ከሥዕል ጋር አውጡት። ሥዕሉ ላይ ቫልቮቹ ጎልተው ይታዩ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ