እማዬ፣ ረፋድ ላይ ብቅ ብለሽ እይልኝ

ውድ እማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «እኔማ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ ብለሽ ነው» ያልሽኝ ከሆዴ አልወጣም። ስለዚህ ቅዳሜ ያየሁትን ልጻፍልሽ።

ልጆቹን ይዘን ኬፕ ሜይ ሄድን። ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ባሕሩ ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። የሄድነው ዘግይተው የሚያልፉትን ቢራቢሮዎች ለማየት ነው። እዚህ ጥቅምት ሲጋመስ ብርዱ ይገባል፣ ቅጠሉ ይረግፋል። እነሱ ግን አሉ!

ሞናርክ ይባላሉ። ክንፋቸው ብርቱካናማ ነው፣ በጥቁር መስመር የተከፋፈለ። ጠዋት ብርዱ ስለሚይዛቸው መብረር አይችሉም። ዛፍ ላይ ክንፋቸውን ገጥመው ይቆያሉ። ፀሐይ ስትወጣ ዘርግተው ይሞቃሉ፣ ከዚያ ወደ ቀሩት አበቦች ይወርዳሉ። ከፊታቸው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ አለ። ነፋሱ ካልተመቻቸው አይሻገሩም፣ ይጠብቃሉ። ትንሿ ልጄ አንዷን እያየች ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆማ ነበር፤ ብታዪያት ደስ ይልሽ ነበር።

የሚሄዱት ሜክሲኮ፣ ደጋ ተራራ ላይ ወዳለ ጫካ ነው። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንዷ ግማሽ ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። የሚከርሙበትን ቦታ ተመራማሪዎች ያወቁት በ1975 እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገርሽ። በሐምሌ የሚፈለፈሉት ሳምንታት ኖረው ያልፋሉ። መጨረሻ የሚመጡት፣ እነዚህ ብርድ የደረሰባቸው፣ እስከ 8 ወር ይኖራሉ። መራባቱን ያቆዩታል፣ ስብ ያጠራቅማሉ። ረጅሙ ዕድሜ የኋለኞቹ ነው፣ እማዬ። እዚያው ቆሜ አንቺን አሰብኩ። ገና ብዙ እንፈልግሻለን።

እናንተ ጋ፣ ቆቦም ዘመዳቸው የሆነች ቢራቢሮ አለች። እሷም ብርቱካናማ ናት፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። መንገዱ ዳር ባለው ጦቢያ፣ ያ ነጭ ወተት በሚወጣው ቁጥቋጦ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። አባጨጓሬዋ ቅጠሉን ስለሚበላ መርዙ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል፣ ወፎችም ይሸሿታል። እስኪ ማሽላው ሳይታጨድ፣ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ሞቅ ሲል፣ አብራሽ ካለችው ልጅ ጋር ቀስ ብላችሁ እስከ መንገዱ ዳር ሂዱ። ለጉልበትሽም ጥሩ ነው። የጦቢያውን ቅጠል ገልብጣ ታሳይሽ። ጥቁር፣ ቢጫና ነጭ ቀለበት ያለው አባጨጓሬ ካገኛችሁ እሱ ነው። ወተቱ ግን ዓይን ይጎዳል፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ፊታችሁን እንዳትነኩ።

እሁድ እደውላለሁ፣ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ።

ልጅሽ