ስስ አየር፣ ሰነፍ ድራይቨር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በከተማችን ጎልፍ የሚጫወተው ሰው ብዙ ባይሆንም፣ ከጀማሪ እስከ ነባሩ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ኳሷን በድራይቨር፣ ማለትም ሩቅ ለመላክ በሚያገለግለው ረጅሙ ዱላ፣ ከዚህ በላይ እንዴት ላርቃት? ብዙዎች መልሱን የሚሹት አዲስ ዱላ በመግዛት ነው። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር ስላለ በስፖርት ገጻችሁ ጥቂት ቦታ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።

ስለ ድራይቨር የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው የተጻፈው ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ላላለ አገር ነው። አዲስ አበባ ግን መሃሏ እንኳ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ኳሷን የሚጎትታት አየር ስለቀነሰ በጠረፍ 200 ሜትር የሚበር ጥሩ ምት እዚህ 15 ሜትር ገደማ ሊጨምር ይችላል። ይህን ሁሉም ሰምቷል። የሚዘነጋው ሌላው ገጽታ ነው፦ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች የምትሄደውን ኳስ ደግፎ አየር ላይ የሚያቆያትም ይኸው አየር ነው። ሲሳሳ ድጋፉም ይቀንሳል፤ ዝቅ ብላ የተነሣች ኳስ ቶሎ ትወድቃለች።

ስለዚህ ባለሙያዎች የሚይዙትን 9 ዲግሪ ድራይቨር አይቶ መግዛት ስሕተት ነው፤ ዲግሪው ኳሷን የሚመታው የዱላው ፊት ወደ ኋላ የሚያጋድልበት መጠን ነው፣ ሲጨምር ኳሷ ከፍ ብላ ትነሣለች። የዱላው ራስ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚወነጨፍለት አማተር 10.5 ዲግሪ መነሻ ይሁነው፤ ከዚያ ቀርፋፋ ከሆነ 12 ይሞክር። አንገቱ (ዘንጉ ከራሱ ጋር የሚገናኝበት) በቁልፍ የሚስተካከል ዱላ ያለው ሰው አዲስ መግዛት አያስፈልገውም፣ አንድ ዲግሪ ከፍ አድርጎ ይሞክረው። ዲግሪው ሲጨምር የዱላው ፊት በጥቂቱ ወደ መቺው ወገን ዞሮ ይዘጋል፤ በቀኝ የሚመታ ሰው ኳሷ ወደ ግራ ማዘንበል ከጀመረች ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ምቱ ተበላሸ ብሎ አይደንግጥ።

ከዲግሪው የሚበልጠው ግን ኳሷ ፊቱን የምትነካበት ቦታ ነው። በ145 የሚወነጨፍ ዱላ መሃል ላይ ሲያገኛት ኳሷ በሰዓት እስከ 217 ኪሎ ሜትር ትወጣለች፤ ወደ ጫፍ ወይም ወደ አንገት ስትርቅ 203 ላይ ልትቀር ትችላለች። ልዩነቱ ሜዳ ላይ 15 ሜትር ያህል ነው፣ ያውም አንድም ጡንቻ ሳይጨመር። መፈተሻው ርካሽ ነው፦ በነጭ ሰሌዳ ማርከር ኳሷ ላይ ወፍራም ነጥብ አድርጎ፣ ነጥቡን ወደ ዱላው አዙሮ መምታት። ቀለሙ ፊቱ ላይ ያርፋል። አሥር ጊዜ ተመትቶ ምልክቱ ወዲያና ወዲህ ከተበተነ እጀታውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ወርዶ መያዝ ይረዳል። ረጅም ዱላ ሩቅ ይልካል የሚባለው እውነት የሚሆነው መሃሉን ለማይስት ብቻ ነው። ምልክቱ ከመሃል በታች ከሆነ ኳሷ ዝቅ ብላ፣ ከመጠን በላይ እየተሽከረከረች ወጥታለች ማለት ነው፤ ከመሃል ጥቂት ከፍ ያለው ይመረጣል።

ሦስተኛው ጥፋት ኳሷን ከላይ ወደ ታች መጨፍለቅ ነው። ድራይቨር ኳሷን ማግኘት ያለበት ሽቅብ መነሣት ሲጀምር ነው። የኳሷ ግማሽ ከዱላው ራስ በላይ እንዲታይ ቲውን (ኳሷ የምትቀመጥበትን ትንሽ ችካል) ከፍ አድርጎ መትከል፣ ኳሷን በግራ ተረከዝ ውስጠኛ ወገን ትይዩ ማድረግ፣ ቀኝ ትከሻን ከግራው ዝቅ ማድረግ። ከኳሷ ፊት 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ባዶ የኳስ ካርቶን ማስቀመጥም ጥሩ ነው፤ ዱላው ካርቶኑን ከመታ አሁንም ወደ ታች እየወረደ ነው።

መሃል ከተማ ሜዳ ከየት ይመጣል ለሚል፣ ግቢ ውስጥ በመረብ መለማመድ ይቻላል። የእግር ኳስ ግብ መረብ ግን በፍጹም አይሆንም። የጎልፍ ኳስ ውፍረት 42.67 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በቀዳዳው ሾልካ ትወጣለች፣ በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የጎረቤት መስኮት ወይም ሕፃን ታገኛለች። ቀዳዳው ከ25 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መረብ ከኳሷ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ላላ ተደርጎ ይሰቀል፤ የተወጠረ መረብ ኳሷን ወደ መቺው ይመልሳታል። ከበስተኋላው ወፍራም ሸራ ቢንጠለጠል ይመረጣል።

ስለ ጉልበትም አንድ ቃል። በሩጫ በሚኮራ አገር ብዙዎች ረጅም ሩጫ ምቱን የሚያፈጥን ይመስላቸዋል። ሩጫው ለሙሉው የ18 ቀዳዳ ጨዋታ ጉዞ ትንፋሽ ይሰጣል እንጂ ዱላውን አያፈጥንም፤ ፍጥነት የሚመጣው ከአጭርና ፈጣን ኃይል ነው። ማለዳ መስቀል አደባባይ የሚወጣ ሰው በደረጃው ላይ አምስት አምስት ዝላይ ሦስት ዙር ይሥራ፤ ከዚያ ቤቱ ዱላውን ገልብጦ በቀጭኑ በኩል ይዞ ባለ በሌለ ፍጥነት አሥር ጊዜ ያወናጭፍ። በየዙሩ መካከል እስኪረጋጋ ይረፍ፤ በደከመ ሰውነት የሚደረግ ውንጨፋ ሰውነትን የሚያስለምደው ዝግታን ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ወገቡን የሚያመው ሰው ይህን ይተወው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የሚጫወቱ ኳሶቻቸውን ሌሊቱን መኪና ውስጥ አይተዉ። የቀዘቀዘች ኳስ ትደነድናለች፣ ከዱላው ላይም በዝግታ ትነሣለች። ቤት አሳድሮ ኪስ ውስጥ ይዞ መሄድ ይሻላል። በክረምት ደግሞ ከእያንዳንዱ ምት በፊት የዱላው ፊትና ኳሷ በፎጣ ይደረቁ፤ በመካከላቸው የሚገባ ውኃ ሽክርክሪቱን ስለሚያዛባ ኳሷ የት እንደምታርፍ መገመት አይቻልም።

አንባቢያችሁ፣ ከስታዲየም አካባቢ