ለማክሰኞ አጥቢያ ለምትገባው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህትሽ የላክሽላትን ትናንት አነበበችልኝ፤ «ሌሊት እንደወረድኩ ኮንትራት ይዤ ቀጥታ አዳማ እገባለሁ» ብለሻል። የኔ እናት፣ ይሄን ከሐሳብሽ አውጪው። በሌሊት ከቦሌ እንዳትነሺ። ዓይኔ ባይታሰር ራሴ መጥቼ በወሰድኩሽ ነበር፤ ሐኪሙ ለጊዜው መሪ እንዳልይዝ ከልክሎኛል።

ትኬትሽ ላይ ማክሰኞ 02:25 ይላል። በእኛ ሲቆጠር ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ25 ነው። «ማክሰኞ ሌሊት» ብለሽ ለዘመድ እንዳትናገሪ፤ ሰው የሚረዳው ማክሰኞ መሽቶ ያለውን ሌሊት ነው፣ አንድ ቀን ሙሉ ይዛነፋል።

ፓስፖርትሽን አስመትተሽ ሻንጣሽን ስትረከቢ፣ የተሰጠሽን ቁራጭ ቁጥር ሻንጣው ላይ ከታሰረው ጋር አስተያዪ፤ ጥቁር ሻንጣ ሁሉ አንድ ይመስላል። ብር እዚያው ባንክ መንዝሪ፤ ለሚኒባሱና ለባጃጁ ዝርዝር ያስፈልግሻል። ሲምሽንም እዚያው አስተካክዪ። ከዚያ ቁጭ በይና ይንጋ። አንዴ ከወጣሽ ያለ ትኬት ተመልሰሽ አትገቢም፣ ውጭ ብርድ ነው፣ «ኮንትራት? አዳማ?» እያለ የሻንጣ እጀታ የሚይዝም አይጠፋም። እጀታውን አትልቀቂ።

ለምን በሌሊት አትነሺ እንደምልሽ ልንገርሽ። ሌሊት ቦሌ የሚቆመው ሾፌር ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለ ሊሆን ይችላል። ፈጣን መንገዱ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀጥ ያለ ስለሆነ የደከመ ሰው ላይ እንቅልፍ ይጭናል። የክፍያውን ብር ለማትረፍ በአሮጌው ከገባ ደግሞ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና አለ፤ ተበላሽቶ መብራት ሳያበራ ዳር የቆመ ተሳቢ የሚታይሽ አፍንጫው ስር ስትደርሺ ነው።

12 ሰዓት ሲሆን በስልክሽ መኪና ጥሪ። መነሻውን ስልኩ በራሱ ሲመርጥልሽ አትቀበይ፣ ፓርኪንጉን ራስሽ ንኪ፤ አለዚያ እሱ ላይ አንቺ ታች ሆናችሁ ትፈላለጋላችሁ። ታርጋውን ስልክሽ ላይ ካለው ጋር ሳታስተያዪ አትግቢ። «አፑን ዝጊው፣ በእጅ እንነጋገር» ካለሽ ውረጂ። «ቃሊቲ መናኸሪያ» በዪው፤ በቀለበት መንገዱ በሳሪስ አቦ አድርጎ ያደርስሻል።

የሄድሽ ቀን የመጫኛ ተራዬ እንዳያልፈኝ ብዬ ሻንጣሽን በር ላይ አውርጄ ዞርኩ። በመስታወት አየሁሽ፤ ሻንጣው ላይ ተቀምጠሽ የጫማሽን ክር ታስሪያለሽ። አንዲት ተራ ምን ነበረች? ሌላ መኪና ይጭናት ነበር። ወርጄ ክሩን ላስርልሽ ይገባኝ ነበር። ይቅር በይኝ።

ቃሊቲ ስትደርሺ የአዳማ ሚኒባስ ያዢ። ከመሳፈርሽ በፊት «በፈጣኑ ነው በአሮጌው?» ብለሽ ጠይቂ። በአሮጌው የሚሄደው ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ ሰው ያወርዳል፤ የኋላው በር በተከፈተ ቁጥር ዓይንሽ ሻንጣሽ ላይ መሆን አለበት። የጭነቱን ዋጋ ሻንጣው ሳይነሳ ቁረጪ፤ ከተጫነ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው። ፓስፖርትና ወርቅ ሻንጣ ውስጥ አይግባ፣ ከአንገትሽ ቦርሳ አይለይ። ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጪ።

እናትሽ ከእሁድ ጀምሮ ዶሮዋን ገዝታ አስራለች፤ ረፍዶ ብትገቢ ይቀዘቅዛል ብለሽ እንዳትቸኩዪ፣ ይሞቃል። በሌሊት ግን እንዳትነሺ።

ሚኒባሱ ሲነሳ ታርጋውን ለእህትሽ ላኪላት። አዳማ መናኸሪያ ወንድምሽ ባጃጅ ይዞ ይቆማል፤ ካጣሽው ሳትወጪ ደውዪለት፣ ስልኩ ያው የድሮው ነው።

አባትሽ